በሕፃናት ላይ የሚታይ የመኝታ ላይ ሽንት እና የአንጎል ምስል ምርምር፦ ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ከአምስት ዓመት ዕድሜ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ሽንት የሚያመልጣቸው ሕፃናት በማንኛውም የጤና ድርጅት ይገኛሉ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ለዚህ ችግር ተብለው አይመጡም። እናት ልጇን ለሳል፣ ለትኩሳት ወይም ለሆድ ቁርጠት ይዛ ትመጣና ምርመራው ሊያበቃ ሲል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጉዳዩን ታነሳለች፤ አለዚያም ሳታነሳው ትመለሳለች። በነቀምቴ ከተማ እንደ ቡርቃ ጃቶ ባሉ ሰፈሮች፣ እንዲሁም በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ ብዙ ልጆች ከወንድምና ከእኅቶቻቸው ጋር አንድ መኝታ ይጋራሉ። የወለጋ ክረምት ረጅምና ዝናባማ በመሆኑ የራሰ ፍራሽ በቀላሉ አይደርቅም። ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት ፍራሹ ደጅ ሲሰጣ ደግሞ የልጁ ምሥጢር ለጎረቤት ሁሉ ይገለጣል።

ለዚህ ችግር በየቤቱ የሚሰጠው ማብራሪያ የታወቀ ነው። ልጁ ሰነፍ ነው፣ ግትር ነው፣ እንቅልፋም ነው፣ ወይም በሥርዓት አላደገም ይባላል። ማብራሪያው እንዲህ ከሆነ መፍትሔውም ቁጣ፣ ማሳፈርና ዱላ ይሆናል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የታተሙ የአንጎል ምስል ጥናቶች ግን ጥያቄውን በሌላ አቅጣጫ እንዲታይ አድርገዋል። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ጥናቶች ምን እንዳሳዩ፣ ምን እንዳላሳዩ፣ እንዲሁም ኤም.አር.አይ. በሌለበት ጤና ጣቢያ ለሚሠራ ባለሙያ ምን ጥቅም እንዳላቸው ያብራራል።

ትርጓሜና ስፋት

ዓለም አቀፉ የሕፃናት የሽንት ቁጥጥር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣውና በኋላም ባሻሻለው የስያሜ መመሪያ መሠረት፣ ዕድሜው 5 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ሽንት በየጊዜው የሚያመልጠው ከሆነ የመኝታ ላይ ሽንት አለበት ይባላል። ችግሩ በሁለት መንገድ ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍፍል በጊዜ ነው። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ቢያንስ ለ6 ተከታታይ ወራት ደርቆ አድሮ የማያውቅ ከሆነ ቀዳማዊ፣ ለ6 ወር ወይም ከዚያ በላይ ደርቆ ከቆየ በኋላ እንደገና የጀመረው ከሆነ ዳግማዊ ይባላል። ሁለተኛው ክፍፍል በቀን ምልክቶች ነው። ቀን ምንም የሽንት ችግር የሌለበት ልጅ ባለአንድ ምልክት ሲባል፣ ቀን ሽንት የሚያጣድፈው፣ የሚያመልጠው ወይም ለመሽናት የሚያስምጠው ልጅ ደግሞ ባለብዙ ምልክት ይባላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የምስል ጥናቶች በአብዛኛው የተደረጉት በቀዳማዊና ባለአንድ ምልክት ሕፃናት ላይ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች በ5 ዓመት ዕድሜ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት፣ በ7 ዓመት ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ችግሩ እንዳለባቸው ተመዝግቧል። ችግሩ ካለባቸው መካከል በየዓመቱ ወደ 15 በመቶ የሚጠጉት ያለ ሕክምና ይድናሉ። ሆኖም ከ100 ሰዎች አንድ ያህሉ ችግሩን ይዘው ወደ ጉልምስና ይሻገራሉ። ስለዚህ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው አባባል ለብዙዎች እውነት ቢሆንም ለሁሉም አይሠራም፤ በተለይ በየሌሊቱ ለሚሸና ልጅ የመዳኑ ዕድል ዝቅ ያለ ነው።

በአገራችን ዶክተር ምኒልክ ደስታ ከአታላይ ዓለም፣ ከደረጀ ከበደና ከስዊድናዊው ብሩኖ ሄግሎፍ ጋር በአዲስ አበባ ሕፃናት ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 በአክታ ፔዲያትሪካ መጽሔት ታትሟል። ጥናቱ ችግሩን ከማኅበራዊና ከኢኮኖሚያዊ ሁኔታዎች እንዲሁም ከሥነ አእምሮ ምልክቶች ጋር ያለውን ግንኙነት የመረመረ ነው። ጉዳዩ የበለጸጉ አገሮች ሕፃናት ብቻ ችግር እንዳልሆነና ከልጁ ኑሮና ስሜት ጋር አብሮ መታየት እንዳለበት ያመለከተ ሥራ ነው።

የዘር ውርስ ድርሻም ከፍተኛ ነው። ሁለቱም ወላጆች በልጅነታቸው ችግሩ ከነበረባቸው ከልጆቻቸው 77 በመቶ ያህሉ፣ አንዱ ብቻ ከነበረበት 44 በመቶ ያህሉ፣ ማንኛቸውም ካልነበረባቸው ደግሞ 15 በመቶ ያህሉ ችግሩ ይታይባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የዴንማርክ ሰፊ የዘረመል ጥናት በ6ኛውና በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ ከችግሩ ጋር የተያያዙ ቦታዎችን አግኝቷል። ብዙ ጊዜ ልጁን የሚቆጣው አባት ራሱ በልጅነቱ የነበረበትን ችግር ለማንም ሳይናገር ያደገ ሊሆን ይችላል።

ሽንትን የሚቆጣጠረው የአንጎል መሥመር

የምስል ጥናቶቹን ለመረዳት አስቀድሞ ጤናማው አሠራር መታወቅ አለበት። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1925 በድመቶች ላይ ባደረገው ምርምር፣ በአንጎል ግንድ ውስጥ ፖንስ በሚባለው ክፍል ፊኛን እንዲኮማተር የሚያዝ ቦታ መኖሩን አሳየ። ይህ ቦታ እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ይሠራል፤ ሲከፈት ፊኛው ይኮማተራል፣ የሽንት መውጫው ጡንቻም ይላላል።

ማብሪያው እንዳሻው እንዳይከፈት ከበላዩ የሚቆጣጠሩት ክፍሎች አሉ። ፊኛ ሲሞላ መልእክቱ በአከርካሪ ውስጥ ባለው ነርቭ አማካይነት በመካከለኛው አንጎል ወደሚገኘው ፔሪአኩዌዳክታል ግሬይ ይደርሳል። ከዚያ በታላመስ በኩል ወደ ኢንሱላ፣ ወደ ፊተኛው ሲንጉሌትና ወደ ቅድመ ግንባር ቅርፊት ይተላለፋል። ኢንሱላ የመሙላቱን ስሜት ይመዘግባል፤ ሲንጉሌት ለስሜቱ ክብደት ይሰጠዋል፤ ቅድመ ግንባር ቅርፊት ደግሞ «አሁን ተገቢ ጊዜ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ይወስናል። ጊዜው ተገቢ ካልሆነ ማብሪያው ተዘግቶ ይቆያል።

ይህ አሠራር በሰው ላይ በምስል የታየው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በኔዘርላንድስ በርቲል ብሎክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት 17 ወንዶች ፔት በሚባለው የምስል መሣሪያ ውስጥ ተኝተው ሳለ እንዲሸኑ ተጠየቁ። ከእነዚህ ውስጥ መሽናት የቻሉት 10 ብቻ ነበሩ። በሸኑት ላይ የፖንሱ ማዕከልና የቀኝ ግንባር ታችኛው ክፍል በሥራ ላይ ሆነው ታዩ። የቀሩት ፍላጎቱ እያላቸው መሽናት አለመቻላቸው ደግሞ ከበላይ የሚመጣው ቁጥጥር ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ያመለክታል።

በእንቅልፍ ጊዜ ሌላ ክፍል ይጨመራል። በፖንስ ውስጥ ከሽንት ማዕከሉ አጠገብ ሎከስ ሴሩሊየስ የሚባል የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ይገኛል። ይህ ክፍል የአንጎል ቅርፊትን የሚያነቃ ነው። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ፊኛ ሲሞላ የዚህ ክፍል ሥራ እንደሚጨምርና ቅርፊቱም እንደሚነቃ ተረጋግጧል። ሰው ሌሊት ሽንቱ ሲመጣ የሚነቃው በዚህ መንገድ እንደሆነ ይታመናል።

የችግሩ ሦስት ምንጮች

የመኝታ ላይ ሽንት የሚከሰተው ሌሊት የሚመረተው ሽንት ፊኛ ከሚይዘው በላይ ሲሆንና ልጁም ሳይነቃ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይታያሉ።

አንደኛው የሌሊት ሽንት መብዛት ነው። በጤናማ ልጅ ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን ሌሊት ስለሚጨምር የሽንት መጠን ይቀንሳል። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ኔርጎርና ሪቲግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጓቸው ጥናቶች ይህ ጭማሪ በአንዳንድ ሕፃናት ላይ እንደማይታይ አሳይተዋል። ሁለተኛው የፊኛ የመያዝ አቅም ማነስ ወይም ያለጊዜው መኮማተር ነው። ሦስተኛው ከእንቅልፍ ለመንቃት አለመቻል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልጁ ለምን ሌሊት ሽንቱ እንደሚመጣ ያስረዳሉ፤ መኝታው ላይ ለምን እንደሚሸና የሚያስረዳው ግን ሦስተኛው ነው። ሽንት ቢበዛም ልጁ ቢነቃ ተነስቶ ይወጣ ነበርና። የአንጎል ምስል ጥናቶች ያተኮሩትም በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው።

እንቅልፉ እውን ከባድ ነውን?

ወላጆች «ልጄ ሲተኛ እንደ ድንጋይ ነው» ማለታቸው መሠረት አለው። ዎልፊሽና ባልደረቦቹ በካናዳ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 12 ዓመት በሆኑ ወንድ ልጆች ላይ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ጥናት በእንቅልፍ ላይ ሳሉ እየጨመረ የሚሄድ ድምፅ አሰማቸው። ድምፁ እስከ 120 ዴሲቤል ይደርስ ነበር። ከጤናማዎቹ ልጆች ሙከራው በ39.7 በመቶ የተሳካ ሲሆን መኝታ ላይ ከሚሸኑት ግን በ9.3 በመቶ ብቻ ተሳካ።

ከዚህ በመነሳት እንቅልፋቸው ጥልቅ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ነገር ግን የሆንግ ኮንጉ የንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ሥራ ሌላ ነገር አሳየ። ችግሩ የጸናባቸው ሕፃናት የእንቅልፍ ሞገድ ሲመዘገብ ጥልቅ እንቅልፍ ሳይሆን ቀላል እንቅልፍ በዝቶ ተገኘ፤ ቅርፊቱም በሌሊት ውስጥ ደጋግሞ ለመንቃት ሲሞክር ታየ። ሆኖም ልጆቹ ሙሉ በሙሉ አልነቁም። ያለማቋረጥ የሚመጣው የፊኛ መልእክት የመንቂያውን መሥመር ሳያደነዝዘው አልቀረም የሚል ማብራሪያም ቀረበ። በሌላ አነጋገር በሩ ሌሊቱን ሙሉ ይንኳኳል፤ የቤቱ ሰው ግን እንቅልፉም አይጠግብ፣ በሩንም አይከፍት። እነዚህ ልጆች ጠዋት በትምህርት ቤት የሚፈዙት ለምን እንደሆነ ይህ ግኝት በከፊል ያስረዳል።

የአንጎል ግንድ ላይ የሚያተኩሩ ቀደምት ጥናቶችም ነበሩ። ኦርኒትዝና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእነዚህ ሕፃናት ላይ የድንገተኛ ድንጋጤ ምላሽን የመግታት ኃይል ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ የመግታት ሥራ የሚከናወነው በአንጎል ግንድ ውስጥ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከፊኛ አልፎ አንጎልን እንደሚመለከት ከምስል ጥናቶቹ በፊት ጠቁሞ ነበር።

የምስል ጥናቶቹ ምን አሳዩ?

በዚህ ርእስ ላይ ከወጡት የምስል ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በቻይና፣ በተለይም በሻንጋይ ነው። ሦስት ዓይነት የኤም.አር.አይ. ዘዴዎች ጥቅም ላይ ውለዋል። ሦስቱም ጨረር የሌላቸውና መርፌ የማይጠይቁ በመሆናቸው በሕፃናት ላይ ለምርምር ያመቻሉ።

የመጀመሪያው ፈንክሽናል ኤም.አር.አይ. ነው። የአንጎል ክፍል ሲሠራ ወደዚያ የሚሄደው ኦክስጅን የያዘ ደም ይጨምራል፤ መሣሪያው ይህንን ለውጥ ይመዘግባል። ዱ ሌይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሕፃናቱ አንድ ምልክት ሲያዩ ቁልፍ እንዲጫኑ፣ ሌላ ምልክት ሲያዩ ግን እጃቸውን እንዲገቱ ተደረገ። መኝታ ላይ የሚሸኑት ሕፃናት እጃቸውን በሚገቱበት ጊዜ ቅድመ ግንባርን በሚያካትተው የመግቻ መሥመር ላይ ከጤናማዎቹ ያነሰ እንቅስቃሴ ታየባቸው። በዚያው ዓመት ያለ ምንም ሥራ ዝም ብለው በተኙበት የተነሳው ምስልም በግንባር ክፍል ላይ ልዩነት አሳይቷል። እጅን መግታትና ሽንትን መግታት አንድ ባይሆኑም ሁለቱም በግንባር ክፍል ቁጥጥር ሥር መሆናቸው ግኝቱን ትኩረት የሚስብ አድርጎታል።

ሁለተኛው የነርቭ ገመዶችን አቀማመጥ የሚያሳይ ዘዴ ነው። ውኃ በነርቭ ገመድ ውስጥ በገመዱ አቅጣጫ በቀላሉ ይፈስሳል፤ ገመዱ በሚገባ ካልተሸፈነ ግን ወደየአቅጣጫው ይሰራጫል። በዚህ ዘዴ በታላመስ፣ በግንባር ክፍል፣ በፊተኛው ሲንጉሌትና በኢንሱላ ላይ ረቂቅ ልዩነቶች ተመዝግበዋል። እነዚህ ክፍሎች የፊኛን መልእክት ተቀብለው የሚያስተላልፉት እነዚያው ናቸው።

ሦስተኛው በአንድ የአንጎል ክፍል ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን የሚለካው ስፔክትሮስኮፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የነርቭ ሕዋስ ጤንነት መለኪያ ተደርጎ የሚወሰደው ኤን አሴቲል አስፓርቴት በቅድመ ግንባርና በፖንስ ውስጥ ከጤናማ ሕፃናት ዝቅ ብሎ እንደተገኘ ዘግቧል። ከዚያ በኋላ የታተሙ ጥናቶች ደግሞ በተናጠል ክፍሎች ፋንታ በክፍሎቹ መካከል ያለውን ግንኙነት፣ በተለይም በታላመስና በግንባር ክፍል መካከል ያለውን፣ መመርመር ጀምረዋል።

እነዚህ ግኝቶች ሲጠቃለሉ አንድ ሥዕል ይሰጣሉ። ከፊኛ የሚነሳውን መልእክት የሚቀበለው፣ የሚያነቃውና የሚገታው መሥመር በእነዚህ ሕፃናት ላይ ከእኩዮቻቸው ዘግይቶ የሚበስል ይመስላል። አብዛኞቹ ሕፃናት ዕድሜያቸው ሲጨምር መዳናቸውም ከዚህ አስተያየት ጋር ይስማማል። በእነዚህ ሕፃናት መካከል የትኩረት ማነስና መቅበጥበጥ ችግር በብዛት መታየቱም እንዲሁ፤ ሁለቱም የግንባር ክፍልን ይነካሉና።

በጥንቃቄ መታየት ያለባቸው ነጥቦች

የምስል ጥናት ውጤት በቀለም ያሸበረቀ ስለሆነ በቀላሉ ያሳምናል። ይሁን እንጂ የሚከተሉት ገደቦች መዘንጋት የለባቸውም።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ ጥናት የተሳተፉት ሕፃናት ቁጥር በአብዛኛው በአሥሮች የሚቆጠር ነው። የአንጎል ምስል በአሥር ሺህዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ስለሚከፈል ንጽጽሩ በጥንቃቄ ካልተሠራ በአጋጣሚ ብቻ «ልዩነት» ሊገኝ ይችላል። ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንን ለማሳየት የሞተ ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስገብተው የሰዎችን ፎቶግራፍ አሳዩት፤ ተገቢው የስታቲስቲክስ እርማት ሳይደረግ ሲሰላም የሞተው ዓሣ አንጎል «ሲሠራ» ተገኘ።

ሁለተኛ፣ ጥናቶቹ በአብዛኛው የተደረጉት ልጆቹ ነቅተው በቀን ነው። ችግሩ የሚከሰተው ግን ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ መንስኤና ውጤት አልተለዩም። ለዓመታት የተቆራረጠ እንቅልፍ የተኛ ልጅ የግንባሩ ክፍል ሥራ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ በምስሉ ላይ የታየው ልዩነት ሽንቱን ያመጣው ወይም ሽንቱ ያመጣው መሆኑ በእነዚህ ጥናቶች ብቻ አይታወቅም።

አራተኛ፣ ልዩነቶቹ የቡድን አማካይ ልዩነቶች ናቸው። የአንድን ልጅ ምስል አይቶ ይህ ልጅ መኝታ ላይ ይሸናል ወይም አይሸናም ማለት አይቻልም።

ከእነዚህ ነጥቦች ለሥራ የሚጠቅም አንድ ድምዳሜ ይወጣል። ባለአንድ ምልክት የመኝታ ላይ ሽንት ላለበት ልጅ የአንጎል ምስል ማዘዝ አያስፈልግም። ከነቀምቴ አዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያና ለምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ለልጁ ሕክምና አንዳች ነገር አይጨምርም። የምስል ምርመራ የሚያስፈልገው የነርቭ በሽታ ምልክት ሲኖር ብቻ ነው።

በጤና ጣቢያ የሚደረግ ምርመራ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከቡርቃ ጃቶ የ8 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ከዚህ በፊት ለስድስት ወር ደርቆ አድሮ ያውቃል?» የሚለው ነው። ጥያቄው እናቲቱ በምትናገረው ቋንቋ፣ በዚህ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ መቅረብ ይኖርበታል። መልሱ አዎን ከሆነ ችግሩ ዳግማዊ ነው፤ ምክንያቱም መፈለግ አለበት።

ከሁሉ በፊት መታሰብ ያለበት የስኳር በሽታ ነው። በቅርቡ መኝታው ላይ መሽናት የጀመረ፣ ውኃ የሚጠማው፣ ክብደት የቀነሰ ልጅ በዚያው ቀን የሽንትና የደም ስኳሩ መለካት አለበት። እንዲህ ያለው ልጅ በቤት ሲገረፍ ሰንብቶ በኋላ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል። አንድ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይህንን ያስቀራል። በተጨማሪም የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን፣ የኩላሊት በሽታ፣ ሌሊት የሚነሳ የሚጥል በሽታ፣ ከቶንሲል ማበጥ ጋር የሚመጣ ማንኮራፋትና የትንፋሽ መቆራረጥ መታየት አለባቸው። ልጁ በሽንቱ ደም የሚታይበት ከሆነና የሽንት መሥመር ቢልሃርዚያ ከሚገኝበት ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ኩርሙክ አካባቢ የመጣ ከሆነ ለዚህ በሽታ መመርመር ተገቢ ነው።

የደረሰበት ሐዘንና ፍርሃትም ይጠየቃል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በግጭት ምክንያት ከካማሺ ዞን ተፈናቅለው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ በገቡት ቤተሰቦች ውስጥ ብዙ ሕፃናት ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ በአካባቢው በደረሱ ግጭቶች ቤቱንና ወገኑን ያጣ ልጅ ጥቂት አይደለም። ደርቆ ያድር የነበረ ልጅ ከእንዲህ ያለ መከራ በኋላ መኝታው ላይ መሽናት ቢጀምር የሚያስፈልገው ከለላና መረጋጋት እንጂ ተግሣጽ አይደለም። በልጁ ላይ የደረሰ ፆታዊ ጥቃት መኖር አለመኖሩም በጥበብ መጣራት አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ቀን ምልክቶች ነው። ያለማቋረጥ ጠብ ጠብ የሚል ሽንት ያላት ሴት ልጅ የሽንት ቱቦዋ ያለቦታው የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ሽንቱ በቀጭኑ የሚወርድና የሚያስምጠው ወንድ ልጅ መውጫው የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ስለ ሆድ ድርቀት ነው። የደረቀ ሰገራ የሞላው አንጀት ፊኛን ስለሚጫን ድርቀቱን ማከም ብቻውን አንዳንድ ልጆችን ያድናል።

በአካል ምርመራ የደም ግፊትና ክብደት ይለካል፤ ሆድ ይዳሰሳል፤ ጀርባ ተገልጦ ከወገብ በታች ጎድጓዳ፣ ፀጉር ወይም እብጠት መኖሩ ይታያል፤ የእግር ጉልበትና አረማመድ ይፈተሻል። በእነዚህ ላይ ጉድለት የተገኘበት ልጅ ወደ ነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ወደ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ይላካል።

የፊኛ አቅም በቤት ውስጥ ሊለካ ይችላል። እናት ልኬት ባለው የፕላስቲክ ጆግ ልጁ ለሁለት ቀናት የሚሸናውን በየጊዜው ለክታ ትጽፋለች፤ መጻፍ ካልቻለች ታላቅ ልጇ ይጽፍላታል። ከዕድሜው የሚጠበቀው አቅም በሚሊ ሊትር የሚሰላው ዕድሜው ላይ አንድ ደምሮ በ30 በማባዛት ነው። ለ8 ዓመቱ ልጅ 9 በ30 ሲባዛ 270 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ትልቁ የቀን ሽንቱ ከዚህ በጣም ካነሰ የፊኛው አቅም አነስተኛ ነው፤ ሌሊት የሚወጣው ከዚህ 130 በመቶ፣ ማለትም ከ350 ሚሊ ሊትር ገደማ በላይ ከሆነ የሌሊት ሽንቱ በዝቷል ማለት ነው።

ሕክምና

ለሁሉም ልጆች የሚሠራው የመጀመሪያው እርምጃ የኑሮ ልማድ ማስተካከል ነው። ልጁ በቀን በቂ ውኃ ይጠጣ፤ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ግን ይቀንስ። ሻይና ቡና ማታ አይሰጠው። በቀን በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይሽና፤ ሊተኛ ሲልም ይሽና። መጸዳጃው ከቤት ውጭ ከሆነ ልጁ ጨለማውን ስለሚፈራ ሳይወጣ ሊተኛ ይችላል፤ ስለዚህ ባልዲ ወይም ፖፖ በቤት ውስጥ ይዘጋጅለት፣ መብራትም በቅርብ ይኑር።

ሁለተኛው የመቀስቀሻ ደወል ነው። ልብሱ ሲረጥብ የሚጮህ መሣሪያ ከተጠቃሚዎቹ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉትን ያደርቃል፤ ለውጤቱ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያለማቋረጥ መጠቀም ያስፈልጋል። መሣሪያው በማይገኝበት ቦታ ተራ የመቀስቀሻ ሰዓት ወይም የሞባይል ስልክ ደወል ሊያገለግል ይችላል፤ በተራ ሰዓት የተሞከረና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት መልካም ውጤት አሳይቷል። ደወሉ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ከሚሸናበት ሰዓት ቀደም ብሎ ይሞላል። እዚህ ላይ የምስልና የእንቅልፍ ጥናቶቹ ትምህርት ጠቃሚ ነው። ሥልጠናው የሚያነጣጥረው በመንቂያው መሥመር ላይ ስለሆነ ልጁ ሙሉ በሙሉ መንቃት አለበት። በእንቅልፍ ልቡ ተሸክሞ ወስዶ ማሸናት ፍራሹን ያድናል እንጂ አንጎሉን አያስተምርም። ልጁ ብቻውን ስለማይነቃ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዋቂ ሰው ሊቀሰቅሰው ግድ ነው።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። ዴስሞፕሬሲን የቫሶፕሬሲንን ሥራ ስለሚሠራ የሌሊት ሽንት ለበዛበት ልጅ ይመረጣል። እንክብሉ ከመኝታ በፊት ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ከተወሰደ በኋላ ብዙ ውኃ ከተጠጣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ የሚጥል ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመወሰዱ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት በኋላ ልጁ የሚጠጣው ከአንድ ብርጭቆ መብለጥ የለበትም፤ ትኩሳት፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ባለበት ቀንም አይሰጠውም። በአፍንጫ የሚነፋው ዓይነት በዚሁ አደጋ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ለዚህ ችግር እንዳይታዘዝ ተደርጓል።

ኢሚፕራሚንና አሚትሪፕቲሊን በርካሽና በቀላሉ ስለሚገኙ ያለ ጥንቃቄ ሊታዘዙ ይችላሉ። በብዛት ቢወሰዱ የልብ ምትን አዛብተው ይገድላሉ። እንክብሎቹን አግኝቶ እንደ ከረሜላ የሚውጠው ደግሞ ታማሚው ልጅ ሳይሆን ታናሽ ወንድሙ ወይም እኅቱ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ሌላው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር፣ በሐኪም ክትትልና ቁልፍ ባለው ቦታ ተቀምጠው ካልሆነ በስተቀር መሰጠት የለባቸውም።

ለወላጅና ለልጁ ምን ይነገር?

የምስል ጥናቶቹ ለጤና ጣቢያ የሚሰጡት ትልቁ ጥቅም በንግግር ላይ ነው። ለእናት እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ልጅዎ ሆን ብሎ አያደርገውም፤ ስንፍናም አይደለም። ፊኛው ሲሞላ አንጎሉን የሚቀሰቅሰው መሥመር ገና በደንብ አልበሰለም። አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ፤ እኛም እንረዳዋለን።» ልጁ ራሱም ሊነገረው ይገባል፦ «ጥፋተኛ አይደለህም። እንዳንተ ያሉ ብዙ ልጆች አሉ፤ አብረን እንሠራበታለን።»

ይሁን እንጂ ባለሙያው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እንዳይሻገር መጠንቀቅ አለበት። «ሰነፍ» የተባለውን ልጅ «የአንጎል በሽተኛ» ብሎ ማሰናበት ከበፊቱ የከፋ ጉዳት ነው። ቃሉ ከቤት ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ይዛመታል። ጥናቶቹ ያሳዩት ከእኩዮች ዘግይቶ መብሰልን ወይም ረቂቅ ልዩነትን እንጂ ጉዳትን ወይም የአእምሮ ዝግመትን አይደለም።

ቅጣት መቆም ያለበት ከርኅራኄ ብቻ ተነስቶ አይደለም። በእንቅልፍ ላይ ሳለ የሆነውን ነገር ልጁ በፈቃዱ ሊያስቀረው ስለማይችል ዱላ የሚያስተምረው ነገር የለም። የሚያተርፈው ፍርሃትን ነው። ሄግሎፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህ ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ዝቅ ያለ እንደነበርና ከሕክምና በኋላ ግን እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ይህም ልጁን ያጎበጠው ችግሩ ራሱ እንጂ ጠባዩ እንዳልሆነ ያስረዳል።

ማጠቃለያ

የመኝታ ላይ ሽንት የኩላሊት፣ የፊኛና የአንጎል የጋራ ጉዳይ ነው። የአንጎል ምስል ጥናቶች የመንቂያውና የመግቻው መሥመር በእነዚህ ሕፃናት ላይ ከእኩዮቻቸው የተለየ መሆኑን አመልክተዋል፤ ለምርመራ የሚያገለግል መሣሪያ ግን አልሰጡም። ለጤና ባለሙያው የሚያስፈልጉት ጥቂት ጥያቄዎች፣ አንድ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት፣ ልኬት ያለው ጆግና ትዕግሥት ናቸው። በክትባትም ሆነ በሌላ ምክንያት ለሚመጣ ከአምስት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ሁሉ «ሌሊት ደርቆ ያድራል?» የሚለውን ጥያቄ ማቅረብ፣ እንዲሁም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲዘዋወሩ ይህንኑ እንዲጠይቁ ማድረግ፣ ተደብቆ የቆየውን ችግር ወደ ብርሃን ያወጣዋል።